ያረረውን ድስት ቢሮሽ ድረስ አምጥቼልሽ ነበር

ውድ እትዬ፣

«ውድ» ያልኩሽ ደብዳቤ በሌላ ቃል ሲጀመር አይቼ ስለማላውቅ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ትርጉም አትስጪው። ጤንነትሽንም አልጠይቅሽም። ድምፅዋ ከሆስፒታል ኮሪደር ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማ ሴት ጤነኛ መሆኗን ለማወቅ ደብዳቤ መጻፍ አያስፈልግም።

ወንድምሽን ካገባሁ ጀምሮ «እርስዎ» ስልሽ ኖሬአለሁ። ስትመጪ ከስፌት መኪናዬ እየተነሳሁ፣ ቦርሳሽን እየተቀበልኩ፣ የተወለወለውን ወንበር እንደገና እየወለወልኩ። ዛሬ «አንቺ» ብዬሻለሁ። አምልጦኝ አይደለም። እናትሽን ዛሬም አንቱ እላቸዋለሁ፣ ነገም እላቸዋለሁ። ያንቺን ግን ባለፈው ሰሞን ራስሽ በገዛ አፍሽ አነሳሽው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ወንድምሽ ደጋግሞ ደወለልሽ፤ አላነሳሽም። በኔ ስልክ ስንደውል አነሳሽና፣ ገና ሰላም ሳልልሽ፣ «ድስት እያጠበች እናቴን ከደበቀችኝ ሴት ጋር የማወራው ነገር የለኝም» ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። እሺ፣ አታውሪ። ታነቢያለሽ ግን። ርዕሰ መምህር ነሽ፤ የተጻፈ ነገር እጅሽ ከገባ ሌላው ቢቀር ስህተት ፍለጋ ታነቢዋለሽ።

የተናገርሽውን ረስተሽው እንደሆነ ላስታውስሽ። እናትሽ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ የተኙበት ክፍል በር ላይ ነው። አጎታችሁ አሉ፣ የአክስታችሁ ልጆች አሉ፣ ጎረቤቶችሽም አሉ። ጣትሽን ወደኔ ቀስረሽ፣ «እናቴ ይሄን ሁሉ ጊዜ ድስት ስታሳርር ይቺ ሰፊ እያጠበች፣ እየወለወለች ደብቃናለች። ብትነግረን ኖሮ እማዬ ዛሬ እዚህ አትተኛም ነበር» አልሽ። እኔ የሾርባ ቴርሞስ ታቅፌ ቆሜ ነበር። አጎታችሁ ቀና ብለው አዩኝና ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ከአክስታችሁ ልጆች አንዷ «እኔስ ድሮም…» ብላ ጀመረችና ዋጠችው። ያልመለስኩልሽ መልስ አጥቼ አይደለም። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ እማማ ደግሞ ብዙ ነገር ይርሱ እንጂ ጆሯቸው ደህና ነው።

አሁን እሳቸው ጓዳ አረፍ ብለዋል፤ በሩንም ዘግቼዋለሁ። ልመልስልሽ።

አዎ፣ ድስቶቹን አጥቤያለሁ። ማን እንዲያጥባቸው ፈልገሽ ነበር?

ነገሩ የጀመረው በወተት ነው። እኔ ፊት ለፊት ባለው ክፍል የአንዲት ነርስ ጋዋን እየዘመዘምኩ ሳለ ሽታው መጣ። ወጥ ቤት ስደርስ ወተቱ ገንፍሎ ምድጃውን አልብሶታል፤ የቀረው ድስቱ ግርጌ ላይ ጠቁሮ ተጣብቋል። እማማ በመስኮቱ የጎረቤትን ግድግዳ እያዩ ቆመዋል። ምድጃው እኮ አጠገባቸው ነው፤ ክንዳቸውን ቢዘረጉ ይነኩታል። «እማማ፣ ወተቱ!» ስላቸው ዞር አሉና ሳቁ። «አይ፣ ሐሳብ ይዞኝ ሄዶ ነው» አሉ። ሽቦ ሳነሳ እጄን ቸብ አደረጉት።

«አስቀምጪ። ሽቦ ድስቱን ይቧጭረዋል፤ በተቧጨረው ላይ ደግሞ ነገም ይይዝብሻል። ጨው አምጪ። በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፊው፤ ሙቅ ውሃ እንዳታስጠጊበት፣ ወተት በሙቅ ይብስበታል።»

እንዳሉኝ አደረግሁ። ከሰዓት በኋላ ጥቁሩ ቅርፊት እንደ እርጥብ ወረቀት ተላጠ። ተያየንና ሳቅን። እናትሽ የሆስፒታል ወጥ ቤት ኃላፊ ሆነው ጡረታ እስኪወጡ ስንት ድስት በእጃቸው እንዳለፈ ላንቺ አልነግርሽም፤ ያደግሽበት ነው። በረኪና ቤታቸው አይገባም። «የሚበላበትን ዕቃ በማይበላ ነገር አላጥብም» ይላሉ። ይህንንም ታውቂዋለሽ።

ከወተቱ ቀጥሎ ሩዝ አረረ። ከሩዙ ቀጥሎ ድንች። ለሩዙ ውሃና ኮምጣጤ አፍልተን፣ ከእሳት አውርደን፣ ቤኪንግ ሶዳ ስንነሰንስበት አረፋው እስከ ድስቱ አፍ ድረስ ተነሳ፤ እማማ አጎንብሰው በደስታ አዩት። የአሉሚኒየሙን ድስት ግን ሶዳ አያስነኩትም፤ ያጠቁረዋል ብለው የሎሚ ልጣጭ ይቀቅሉበታል። የብረት መጥበሻውን በደረቅ ጨውና በጠብታ ዘይት ነው የሚያሹት። እኔም ጎናቸው ቆሜ እማራለሁ። ያን ሰሞን ዓይኔ ድስቱ ላይ ነበር፤ እሳቸውን ቀና ብዬ አላየሁም። የማያረጅ ሰው የለም፣ የማያሳርር ሴትም የለችም እያልኩ አለፍኩት።

ዓይኔን የገለጠው እንቁላሉ ነው። ሊቀቅሉ ጥደው ውሃው ተኖ አለቀ፤ እንቁላሎቹ እንደ ርችት ፈነዱ። ሮጬ ስገባ ጣሪያው ሁሉ አስኳል ነው። እማማ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ብለው ባቄላ ይለቅማሉ። «እማማ፣ አልሰሙም?» አልኳቸው። ጣሪያውን አዩ፣ ምድጃውን አዩ፣ እኔን አዩ። «ማን ጣደው?» አሉኝ። ሲቀልዱ መስሎኝ ልስቅ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። የምር ነበር የሚጠይቁኝ።

ብዙም ሳይቆይ የፕላስቲክ ጆግ እሳት ላይ ጣዱ። ያንን የሚያነሳ ኮምጣጤ የለም።

አንድ ቀን ደግሞ የወጥ ቤቱ በር ከውስጥ ተቆልፎ አገኘሁት። አንኳኳሁ፤ ዝም። ዞሬ በመስኮቱ ሳይ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ያረረ ድስት በጉልበታቸው መሐል ይዘው፣ በማንኪያ እጀታ ይፍቃሉ። ያንን «ሽቦ አታስነኪ» ያሉትን ድስት። ጣታቸው ይደማል። እየለመንኩ አስከፈትኳቸውና እጃቸውን አጠብኩላቸው። ያኔ ነው ክንዴን ጨብጠው እንዲህ ያሉኝ፦

«ለልጄ አትንገሪብኝ።»

«ለምን እማማ? ብታውቅ ሐኪም ጋ ትወስድዎታለች።»

«ታስቀምጠኛለች።»

«የት ነው የምታስቀምጥዎት?»

«ወንበር ላይ» አሉኝ። «አርፈሽ ተቀመጪ ትለኛለች። አውቃታለሁ፣ የወለድኳት እኮ ነኝ።»

አልነግርም ብዬ ቃል ገባሁላቸው። ቃሌን ግን በማግስቱ አፈረስኩ፤ የሰው ሕይወት ነው፣ እሳት ነው። ስለዚህ «ደበቀች» ስትዪ እናትሽ ቢሰሙ፣ «ይቺማ አልደበቀችልኝም» ብለው ሊያዝኑብኝ የሚገባቸው እሳቸው ናቸው።

መጀመሪያ የነገርኩት ለወንድምሽ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ሚስት ምን ትሁን? ሰውዬው መንገድ ላይ ነው የሚኖረው። ለአንድ ሌሊት ጎራ ሲል ነገርኩት። ጫማውን እያወለቀ «እህቴ ታውቃለች፣ ለሷ ንገሪያት» አለኝ። በእናንተ ቤት ሁሉን የምታውቂው አንቺ ነሽ። በስልክ ደወልኩልሽ። «እርጅና ነው እንግዲህ። እኔም ወተት አሳርራለሁ» አልሽኝ። የጆጉን ነገርኩሽ። «መነጽሯን አድርጊላት» አልሽኝ።

ያም ሆኖ መጣሽ፤ አልክድሽም። እናትሽ መምጣትሽ ሲነገራቸው ምን እንደሚሆኑ ግን አንቺ አይተሽ አታውቂም፣ ምክንያቱም የምታዪው ካለቀ በኋላ ነው። ጠዋት ተነስተው ድስቶቹን ሁሉ አወረዱ። ሎሚ ቆርጠው፣ ጨው ነክረው አንድ በአንድ አሿቸው። ፀጉራቸውን አሰርኩላቸው፤ ሰማያዊ ቀሚሳቸውን ለበሱ። አንቺ ስትገቢ ፊታቸው ፈክቶ፣ ስለ አስተማሪዎችሽ እየጠየቁ፣ ስለ ምክትልሽ ስስት እየቀለዱ አሳቁሽ። እኔ እንኳ ለአፍታ ተጠራጠርኩ። ከዚያ ወጥ ቤት ገባሽና የድስቶቹን ግርጌ በጣትሽ እየዳበስሽ፦

«የታለ ያረረው?» አልሽኝ።

እማማ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። እንዴት እንዳዩኝ ልነግርሽ አልችልም።

«ታጥቦ ነው፣ እትዬ» አልኩ።

«ታጥቦ ነው?» ብለሽ ሳቅሽ። ስትወጪ ግን ሳቁ ጠፍቶ ነበር። ውጭ በር ላይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለሽ፣ «ቤቱ በእማዬ ስም እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፣ አንቺም ታውቂያለሽ» አልሽኝ። ምን ማለትሽ እንደሆነ የገባኝ ዕቃ ሳጥብ ነው። ገብቶኝም አላመንኩም።

አሁን ደግሞ ዘመድ ሁሉ ፊት ያልተናገርሽውን ልንገርሽ። ወደ ቢሮሽ የመጣሁበትን ቀን።

ያን ቀን ጠዋት ልብስ ላደርስ ወጣ ብዬ ስመለስ ቤቱ ጭስ በጭስ ነው። ድንቹ ከሰል ሆኗል፤ የድስቱ እጀታ ቀልጦ ተንጠባጥቧል። እማማ የሉም። ከቤታችን ራቅ ብሎ ከአንድ ሰው አጥር ስር ተቀምጠው አገኘኋቸው። የራሳቸው ቤት የቱ እንደሆነ ጠፍቶባቸው፣ እዚያ ያሉትን ሰዎች እንዳያስቸግሩ ብለው ቁጭ ብለዋል። ለጎረቤት አደራ ብዬ ሰጠኋቸውና፣ ድስቱን ሳላጥብ በጋዜጣ ጠቀለልኩት። ፌስታል ውስጥ ከትቼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ አፍንጫውን ይዞ፣ «እህት፣ የሚቃጠል ነገር ይዘሻል እንዴ?» አለኝ። «ተቃጥሎ ያለቀ ነው» አልኩት። ተነስቶ ሌላ ወንበር ፈለገ።

ጸሐፊሽ ስገባ መስኮት ከፈተች። አንቺ ከትምህርት ቤቱ ዋንጫዎች ስር ተቀምጠሽ ወረቀት ትፈርሚያለሽ። ድስቱን ፈትቼ ጠረጴዛሽ ላይ አስቀመጥኩት።

«እትዬ፣ ይኸው። የዛሬ ጠዋት ነው። ሳላጥበው ያመጣሁት በዓይንዎ እንዲያዩት ነው። እማማ ይህን ጥደው ወጥተው፣ ቤታቸው ጠፍቷቸው አጥር ስር ነው ያገኘኋቸው።»

አንቺ ምን አልሽ? እናትሽ የት እንዳሉ አልጠየቅሽም። «ወረቀቶቼ ላይ ጥላሸት አራገፍሽብኝ» አልሽ። ከዚያ ወንበርሽን ወደኋላ ገፍተሽ፣ በሩ ክፍት መሆኑን እያወቅሽ፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ ለተማሪዎች በምትናገሪበት ድምፅ፦

«ድስት ማጠብ አቅቶሽ ነው ቢሮዬ ድረስ የመጣሽው? ላስተምርሽ? ውሃና ኮምጣጤ ታፈያለሽ። ታወርጂና ሶዳ ትነሰንሺበታለሽ። አረፋው ሲረግብ በእንጨት ማንኪያ ቀስ ብለሽ ትፍቂዋለሽ። እናቴ ቤት ይሄን ያህል ስትኖሪ ይቺን እንኳ አልተማርሽም?»

ጸሐፊሽ አፏን በእጇ ስትሸፍን አየኋት።

«እትዬ፣ ነገሩ የድስቱ አይደለም…»

«የምን ነው ታዲያ? የቤቱ ነው? እናቴን ጃጀች አስብለሽ ቤቱን ልትወርሺ ነው? አሮጊቷ ሰለቸችሽ በቃ፣ እንዲህ በይኝ!»

ደወል ተደወለ። «ቀጠሮ አለኝ» አልሽ። ድስቱን መልሼ በጋዜጣ ስጠቀልል ጥላሸቱ ከጋዜጣው እየተራገፈ ምንጣፍሽ ላይ ወረደ። ደስ አለኝ። ከግቢው ወጥቼ ፌርማታው ላይ ስቆም ቆሽቴ አርሮ እንባ እንኳ አልመጣልኝም።

ቅዳሜ መኪናሽን ይዘሽ መጣሽና እናትሽን ወሰድሽ። «እናቴን በሰለቸ ሰው እጅ አልተዋትም» ብለሽ ልብሳቸውን ራስሽ ሻንጣ ውስጥ ጠቀጠቅሽው። እማማ የበሩን መቃን ይዘው፣ «ሰፊዬ፣ የት ነው የምንሄደው?» አሉኝ። «ልጅዎ ቤት ነው፣ ይጫወታሉ» አልኳቸው። መኪናው መስኮት ጋ መጥቼ ለመንኩሽ፤ ክብሬን ጥዬ ነው የለመንኩሽ። «እትዬ፣ እባክዎ ምድጃ ጋ ብቻቸውን አይተዉዋቸው። ሲወጡ ጋዙን ከሲሊንደሩ ይዝጉት» አልኩሽ። «እናቴ ሆስፒታል ሙሉ ሰው ስታበላ የኖረች ሴት ናት፤ አንቺ ነሽ ስለ ምድጃ የምትነግሪኝ?» ብለሽ መስታወቱን ዘጋሽው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንቺ ለዘመድ በራስሽ መንገድ ተርከሽዋል። እኔ የሰማሁት ከሕንጻችሁ ዘበኛ ነው። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ኮፍያቸውን በእጃቸው እያሽከረከሩ ቆመው ነበር፤ እማማን ተሸክመው ያወጡት እሳቸው ስለሆኑ ሊጠይቋቸው መጥተው ነው። አንቺ ልብ እንኳ አላልሻቸውም። እኔ ሻይ ገዝቼላቸው አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ሁልጊዜ ጠዋት እመቤቲቱ ሥራ ሲሄዱ በሩን ከውጭ ይቆልፉታል» አሉኝ።

«ማን? የማን በር?»

«የቤታቸውን ነዋ። አሮጊቷ ሁለት ሦስቴ ወጥተው ጠፍተው ነበር፤ እኔው ነኝ ፈልጌ የመለስኳቸው። እመቤቲቱ ‹እናቴ ትንሽ ትዘነጋለች፣ ለማንም እንዳትነግርብኝ፤ በተለይ ወንድሜ ከመጣ› ብለውኛል። እኔም ዝም አልኩ። ምን አገባኝ? የተቃጠለ ነገር በየቀኑ ይሸተኛል፤ አሮጊቷ ግን በመስኮት ብቅ ብለው እጃቸውን ያውለበልቡልኛል። ደህና ናቸው እላለሁ።»

ሻይዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። እኔ ሳጥብ ደበቀች ተባልኩ። አንቺ ቁልፍ አዙረሽ፣ የዘበኛ አፍ አስዘግተሽ፣ ምን ትባያለሽ? ቃሉን አንቺው ፈልጊለት፤ ቋንቋ አስተማሪ ነበርሽ።

እሳቱ በተነሳ ቀን ጭሱ በመስኮት ሲወጣ ዘበኛው ሮጡ፤ ቁልፉ አንቺ ቦርሳ ውስጥ ነው። በፌሮ ብረት በሩን ሰበሩት። መጋረጃው ይነዳል፣ ነጩ ቁም ሳጥንሽ ይነዳል። እናትሽ ከምድጃው ላይ ድስቱን ሊያወርዱ እጀታውን በባዶ እጃቸው ጨብጠውታል። ድስቱ ውስጥ ምን ነበር? ምግብ አልነበረም። ያደረ፣ ያረረ ድስት ሊያጥቡ ውሃና ኮምጣጤ ጥደው ነበር፤ ጥደው ረሱት፣ ውሃው አለቀ፣ እሳቱ መጋረጃውን ያዘ። እሳቱ ከጠፋ በኋላ የእማማን አልጋ ሲያነሱ ከስሩ ድስቶችሽን አገኙ። የሚያብረቀርቁት፣ ለእንግዳ የምታወጫቸው ድስቶችሽ፣ ሁሉም አርረው፣ እያንዳንዳቸው በፎጣ ተጠቅልለው። ዘበኛው ይህን ሲነግሩኝ ኮፍያቸውን ዓይናቸው ላይ ጣሉት።

እማማን ጠየቅኋቸው፣ «ለምን ጣዱት?» ብዬ። «ልጄ ሳትመጣ ላጥበው ብዬ ነው» አሉኝ።

እኔ ቤት ድስት ሲያርር አብረን ነበር የምናጥበው። አንቺ ቤት አልጋ ስር ነው የሚገባው። ልዩነታችን ይሄ ነው፣ እትዬ። ሌላ ልዩነት ብትፈልጊ፣ እኔ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው።

ከሆስፒታል ሲወጡ ደግሞ የት ላክሻቸው? «ቤቴ እስኪታደስ» ብለሽ ልብሳቸውን በፌስታል አስይዘሽ ወደኔ። እናትሽን ለእሳት ዳረገች ወዳልሻት ሴት! ባመንሽበት ኖሮ ትልኪያቸው ነበር? አላመንሽበትም። ለዘመድ ጆሮ ብቻ ነው የተናገርሽው።

ወንድምሽ ግን አመነሽ። ከልጅነቱ ጀምሮ ያልሽውን ሁሉ ያምናል። ከሆስፒታል እንደተመለስን «እውነት ደብቀሻል?» አለኝ። «ነግሬህ አልነበር?» ስለው «እንዲህ መሆኑን አልነገርሽኝም» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሎን ነው የሚተኛው። የሠራሁትን ምግብ እየበላ፣ እናቱን ሳጥብ እያየ፣ ፊት ነሳኝ። እኔም አፍ አውጥቼ አልለመንኩትም። ልብስ እሰፋለሁ፣ ፋሻ እቀይራለሁ።

ትናንት ጸሐፊሽ እማማን ልትጠይቅ ብርቱካን ይዛ መጣች። አንቺ የላክሻት መስሎኝ ፊቴን አጨማደድኩ፤ ለካ በራሷ ነው። ወንድምሽ ወንበር ሰጣት። ተቀምጣ ትኩር ብላ አየችኝና፣ «አንቺ ያን ድስት ይዘሽ የመጣሽው አይደለሽም?» አለችኝ።

ወንድምሽ ቀና አለ። «የምን ድስት?»

«አልሰሙም እንዴ?» አለችው። «ያረረ ድስት ይዛ ቢሮ መጥታ፣ ‹እማማ ቤታቸው ጠፋባቸው› ብላ ርዕሰ መምህሯን ስትለምን ሰምቻለሁ። ሽታው ሳምንት ሙሉ አልወጣ አለን።» ከዚያ ወደኔ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያን ቀን ስቄብሽ ነበር። የመጣሁት ለሱም ጭምር ነው።»

ወንድምሽ የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። እስከ በር ሸኛት። ከወጣች በኋላ፣ «ቢሮዋ ድረስ ሄደሻል?» አለኝ። «ሄጃለሁ።» «ለምን አልነገርሽኝም?» «‹እህቴ ታውቃለች› ብለኸኝ ነበር። ይኸው፣ ታውቃለች።» ፊቱ ልብስ ጠምዝዘው እንደጨመቁት ሆነ። ስልኩን አንስቶ ደወለልሽ። የቀረውን ታውቂዋለሽ። እስካሁን ይቅርታ አላለኝም፤ ግን ጠዋት ተነስቶ ጋዙን ከወጥ ቤት አውጥቶ ውጭ ቆለፈበት። የሚቀጥለውንም ጭነት አልወስድም ብሎ ለአሠሪው ነግሯል። ከሱ ጋር ያለኝን እኔ እጨርሰዋለሁ፤ እዚያ ውስጥ አትግቢብን።

ካንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። እሁድ አጎታችሁና የአክስታችሁ ልጆች እማማን ሊጠይቁ ይመጣሉ። አንቺም ትመጫለሽ። ኮሪደሩ ላይ በተናገርሽበት ድምፅ፣ ከዚያ ሳታሳንሺ፣ ድስቱን ይዤልሽ እንደመጣሁ ትናገሪያለሽ። የበሩንም ቁልፍ ትናገሪያለሽ። ካልመጣሽ እኔ እናገራለሁ፤ ዘበኛውንም ምሳ ጠርቻቸዋለሁ፣ መጥተው አጠገቤ ይቀመጣሉ። አልጮህም፣ አልረግምሽም፤ የሆነውን ብቻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እነግራቸዋለሁ። አንቺ ብትናገሪው ግን ይሻልሻል።

ቤትሽ ታድሶ ሲያልቅም መኪና እንዳትልኪ። እማማ የትም አይሄዱም። ወንድምሽም ይህንኑ ብሏል። የቤቱን ወረቀት ከፈለግሽ ነይና ውሰጂው፤ እኔ ወረቀቱ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም፣ እናትሽም ረስተውታል። ልትጠይቂያቸው ስትመጪ በሩ ክፍት ነው። እንደ ልማዴ ቦርሳሽን አልቀበልሽም፤ ወንበሩንም ራስሽ ስበሽ ትቀመጫለሽ።

ዛሬ ጠዋት ፋሻቸውን ስቀይርላቸው፣ «ያቺ ረጅሟ ሴትዮ ዛሬ ትመጣለች?» አሉኝ።

«የቷ ረጅም ሴትዮ፣ እማማ?»

«ያቺ በር የምትቆልፈዋ።»

«ልጅዎ እኮ ናት» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። ከዚያ እኔ የተሳሳትኩ መስሏቸው፣ እንዳላፍር ተጠንቅቀው፣ በተጠቀለለው እጃቸው ጉልበቴን ነካ አደረጉኝ።

«አይደለችም፣ ሰፊዬ» አሉኝ። «የኔ ልጅ ሳቂታ ናት።»

የወንድምሽ ሚስት